ከደረጃ የሚወርደው ሰው የት አለ?

ስለ አዲሱ የሥዕል ጥበብ በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ ይኸውም «የሰው መልክ ነው የተባለው ሥዕል ሰው የማይመስለው ስለ ምንድር ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሰው በሥዕል ውስጥ በመጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን አምሳል ስለ ሆነ፣ ያንን ባጣ ጊዜ የተታለለ ያህል ቢሰማው የሚያስነቅፈው ነገር የለም። ነገር ግን ጥያቄውን አንሥቶ መልሱን ሳይጠብቁ ስቆ መሄድ ሌላ ነው። እኛም ራሳችን ከሳቁት ወገን ስለ ነበርን፣ ዛሬ አንድ ሥዕል ብቻ መርጠን፣ የሳቃችንን ዕዳ ለመክፈል ያህል ጥቂት ልንናገር አስበናል።

ሥዕሉ ማርሴል ዱሻን የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1912 በ24 ዓመት ዕድሜው የሠራው፣ «ዕርቃን ከደረጃ ሲወርድ፣ ቁጥር 2» የሚባለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥር 2 መባሉም ሠዓሊው በ1911 በዚሁ አሳብ ላይ ሌላ አነስ ያለ ሥዕል አስቀድሞ ሠርቶ ስለ ነበር ነው። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ ቁመቱ 147፣ ወርዱም ወደ 89 ሳንቲ ሜትር ነው። ዛሬ የሚገኘው በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው።

እኛ ያወቅነው ግን በወረቀት ላይ ከታተመ ቅጂው ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ከአሮጌ መጽሐፍ ያገኘውን ቅጂ ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር አኑሮት ነበርና፣ የገባ የወጣው ሁሉ እያየ አስተያየቱን ይሰጥ ነበር። አንዱ «የተሰባበረ የሣጥን ጣውላ ነው» አለ። ሌላው «ነፋስ የበተነው የፋይል ክምር ነው» አለ። እኛም በበኩላችን «ሰውዬው ከደረጃው ላይ ሳይወድቅ አልቀረም» ብለን ባልደረቦቻችንን አሳቅን። በኋላ ስለ ሥዕሉ ታሪክ ባነበብን ጊዜ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የኒው ዮርክ ሰዎችም ያንኑ የመሰለ ቀልድ ተናግረው እንደ ነበር ስናገኝ፣ ቀልዳችን ጥቂት ሰለቸን። በሁለት አገርና በሁለት ዘመን ያሉ ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ቀልድ ከተናገሩ፣ ቀልዱ የመጣው ከሥዕሉ ሳይሆን ከተመልካቹ ጥድፊያ ነው ማለት ነውና።

እንግዲህ ሥዕሉን በትዕግሥት ስንመለከተው እንዲህ ነው። ከላይ ከግራ ጀምሮ ወደ ታች ወደ ቀኝ የሚወርዱ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ጠፍጣፋና ሹል ቅርጾች አሉ። ቀለማቸው የገለባ፣ የሸክላና የደረቀ እንጨት ቀለም ነው፤ ዙሪያቸውን የከበባቸው ደግሞ ወደ ጥቁር የሚያደላ ጨለማ ነው። ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ሰው ከቅርጾቹ መካከል የታጠፈ ጉልበት፣ የዞረ ዳሌ፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ትከሻ ይታየዋል፤ ነገር ግን «ይህ ያ ነው» ብሎ ጣቱን ሳያሳርፍ ዓይኑ ወደሚቀጥለው ቅርጽ ይንሸራተትበታል። በወገቡ አካባቢ የክብ ቁራጭ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮችና በተርታ የተቀመጡ ነጠብጣቦች አሉ። በስተግራ ግርጌም የሥዕሉ ርእስ በትልልቅ የፈረንሳይኛ ፊደላት ተጽፏል። ፊት የለም፤ ዓይን የለም፤ ሰውን የሚያሳፍር ዕርቃንም የለም።

ይህን ሁሉ ካስተዋልን በኋላ እንኳ ሥዕሉ አልገባንም ነበር። የገባን በሌላ ስፍራ ነው። አንድ ቀን በ11 ሰዓት ተኩል፣ ሥራ በሚለቀቅበት ጊዜ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ግርጌ ቆመን አንድ ባልደረባችንን እንጠብቅ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ሲወርድ ከታች ሆነን ቀና ብለን ብናይ፣ የታየን አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት አልነበሩም፤ ጉልበት፣ የቀሚስ ጠርዝ፣ የሚወዛወዝ ክንድ፣ ደግሞ ጉልበት ነበር። አንዱ እግር ከእርከኑ ላይ ሳይነሣ ሌላው ይደርስበታል፤ የአንዱ ክንድ የሌላውን ጎን ይሸፍነዋል። ወራጁን ሰው «ይህ እገሌ ነው» ብለን ለመለየት የቻልነው ከታች ደርሶ ሲቆም ብቻ ነው። በወረደበት ጊዜ ሁሉ ግን ያየነው መውረዱን እንጂ ሰውዬውን አልነበረም። በዚያ ጊዜ «ሠዓሊው የሣለው ይህን ነው!» የሚል አሳብ መጣብን።

አሳባችን ከራሳችን ብቻ የመነጨ እንዳይመስል፣ የዘመኑን ሁኔታ መጥቀስ ይገባል። ዱሻን በተወለደበት ዓመት በ1887 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው የፎቶግራፍ ባለሙያ የሰውንና የእንስሳን እንቅስቃሴ የሚያሳዩ 781 ሰሌዳዎች አሳትሞ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ከደረጃ የሚወርዱ ሰዎች ይገኙባቸዋል። የማይብሪጅ ሥራ እያንዳንዱን እርምጃ በየራሱ ፎቶግራፍ ለይቶ የሚያሳይ ነው። ኤትየን ዡል ማሬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ግን ብዙውን እርምጃ በአንድ ሰሌዳ ላይ አደራርቦ ማንሣት ጀመረ። ሥዕሉ እንዳይደበላለቅበትም ለሚራመደው ሰው ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ በክንዱና በእግሩ ላይ ነጭ መስመር አደረገበት፤ በጥቁር ግድግዳ ፊት ባስኬደውም ጊዜ ሰውዬው ጠፋና መስመሮቹ ብቻ በሰሌዳው ላይ ቀሩ። ዱሻን እነዚህን የመሳሰሉ ፎቶግራፎች ማየቱን ራሱ ተናግሯል። በሥዕሉ ወገብ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችም ከዚሁ የሳይንስ ሥራ የተወረሱ ናቸው።

ይህ አሠራር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዓይን ጨርሶ እንግዳ ነው ለማለት አንደፍርም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን፣ በየሱቁና በየቤቱ የሚገኘውን ሥዕል የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። በአንድ ጨርቅ ላይ ንግሥቲቱ ብዙ ጊዜ ትታያለች፤ በአንደኛው ሰሌዳ ትጓዛለች፣ በሌላው በሰሎሞን ፊት ትቆማለች፣ በሌላውም ልጇን ትወልዳለች። «አንዲት ንግሥት እንዴት ብዙ ትሆናለች?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማንም፤ በሰሌዳዎቹ መካከል የተሰመሩት መስመሮች ጊዜ ማለፉን ይነግሩናልና። ዱሻን ያደረገውን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው እነዚያን መስመሮች በአሳቡ ይፋቃቸው። ሰሌዳዎቹም የረዥም ዘመን ታሪክ መሆናቸው ቀርቶ የአንዲት ደቂቃ ቁራጮች ይሁኑ። ያን ጊዜ አንዱ አካል በሌላው ላይ ይፈሳል፤ ጊዜም ከመስመሩ ውጭ መኖሩ ቀርቶ በአካሉ ውስጥ ይገባል። ደግሞም የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ሲሥሉ፣ ክፉ ሰው ሁሉ አንድ ዓይና ነው ማለታቸው እንዳልነበረ እናውቃለን። ሥዕል ዓይን ከሚያየው ይልቅ ልብ የሚያውቀውን እንዲናገር የፈቀድንለት ገና ድሮ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተገለጸልን። የፈረንሳይኛው ርእስ ወራጁ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ ቃሉ በሰዋስው ተባዕት ቢሆንም በሥዕል ትምህርት ቤት ለማንኛውም የዕርቃን ሥዕል የሚነገር ነው። የእኛ ቋንቋ ግን እንዲህ ያለውን ዝምታ አይፈቅድም፤ «ሲወርድ» ወይም «ስትወርድ» ማለት ግድ ነው። እኛም «ሲወርድ» ብለን ከጻፍን በኋላ ብዙ ጊዜ አመነታን። የአሜሪካ ተመልካቾች አብዛኞቹ «ሴቲቱ የት አለች?» እያሉ ሲፈልጉ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ደግሞ ወራጁን «ራቁት ወንድ» ብለው ጽፈዋል። አንድ የሥዕል ጋዜጣም የሥዕሉን ምስጢር ለሚፈታ ሰው የ10 ዶላር ሽልማት ባቀረበ ጊዜ፣ ሽልማቱን ያገኘው ግጥም «ሴቲቱን ያጣችኋት ወንድ ስለ ሆነ ነው» በሚል ቀልድ የሚያበቃ ነበር። ሁሉም የተከራከሩት ሥዕሉ ስላልተናገረው ነገር ነው። በእኛ አስተያየት፣ ሥዕሉ ወንድም ሴትም ያላደረገው ከስሕተት የተነሣ አይደለም፤ መውረድ የሁሉም ስለ ሆነ ነው።

አሁን ደግሞ ይልቁንም መምህራንና ሹማምንት ሊያስቡበት ወደሚገባው ታሪክ እንለፍ። ይህን ሥዕል በመጀመሪያ የገፉት አሮጌውን ሥርዓት የሚጠብቁ ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ አዲስ ነን የሚሉት ጓደኞቹ ነበሩ። በማርች ወር 1912 ዱሻን ሥዕሉን በፓሪስ ለነጻ ሠዓሊዎች ትርኢት ላከው። ይህ ትርኢት በ1884 በተቋቋመ ጊዜ መመሪያው «ያለ ዳኛና ያለ ሽልማት» የሚል ነበር። ኩቢስት የሚባሉት ሠዓሊዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ሥራቸውን ሲያቀርቡ፣ አልበርት ግሌዝና ጓደኞቹ የዱሻን ሥዕል አልተስማማቸውም። ዕርቃን የተባለ ሥዕል ይጋደማል እንጂ ከደረጃ አይወርድም፤ ርእሱን በሸራው ላይ መጻፍም ቀልድ ያስመስላል፤ እንቅስቃሴን መሣልስ የኢጣልያኖቹ የፊውቱሪስቶች ጉዳይ ነው፤ የሚሉ አሳቦች ነበሩባቸው። ስለዚህ ቢያንስ ርእሱን እንዲለውጥ መልእክት ሰደዱበት። መልእክቱን ያመጡለትም ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ፣ ሠዓሊው ዣክ ቪዮንና ቀራፂው ሬይሞን ዱሻን ቪዮን ነበሩ። ዱሻን በኋላ ዘመን ሲያስታውሰው፣ ወንድሞቹ ለቀብር እንደሚሄድ ሰው ጥቁር ለብሰው እንደ መጡ ተናግሯል። እሱም አልተከራከረም፤ ወደ ትርኢቱ ሄዶ ሥዕሉን አወረደና በታክሲ ወደ ቤቱ ወሰደው።

በዚያው ዓመት ግሌዝና ሜትዘንጀ ስለ ኩቢዝም መጽሐፍ አሳተሙ። በኦክቶበር ወር ደግሞ እነዚያው ወገኖች «ሴክሲዮን ዶር» በተባለው ትርኢታቸው ላይ ሥዕሉን ተቀብለው ሰቀሉት። በሰባት ወር ውስጥ ከሥዕሉ ላይ አንዲት መስመር አልተለወጠችም። የተለወጠው የዳኞቹ ልብ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ አሳብ ራሱ ደንብ ለመሆን ብዙ ዘመን እንደማይፈጅበት ነው። ትናንት «ሥርዓት ይፍረስ» ሲል የነበረ ሰው፣ ዛሬ አንድ ወንበርና አንድ ማኅተም ባገኘ ጊዜ፣ ከሥራው ይልቅ አርእስቱን እየመረመረ ይመልሳል። ይህ በሠዓሊዎች ማኅበር ብቻ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ፣ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሁሉ እናውቀዋለን።

በተከታዩ ዓመት፣ ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 1913 ጀምሮ፣ በኒው ዮርክ በአንድ የጦር ክፍል አዳራሽ ውስጥ 1,300 የሚያህሉ ሥራዎች የቀረቡበት ታላቅ ትርኢት ተከፈተ። ከሁሉ ይልቅ ሕዝብ የተጋፋው በዚህ ሥዕል ፊት ነበር። «የቤት ክዳን እንጨት በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ የደረሰ ፍንዳታ ነው» ተባለ፤ ጋዜጦችም በምድር ባቡር ደረጃ ላይ የሚጋፋ ሕዝብ አስመስለው በካርቱን ሣሉበት። ሩዝቬልትም በመታጠቢያ ቤታቸው ያለው የናቫሆ ሕንዶች ምንጣፍ ከዚህ ሥዕል እንደሚበልጥ ጻፉ። የካርቱኑ ሠዓሊ ግን ለማላገጥ ብሎ እውነቱን የተናገረ ይመስለናል፤ በደረጃ ላይ የሚቸኩል ሰው በእርግጥ እንደዚያ ነው የሚታየው። ሥዕሉን በመጨረሻ የገዛው ፍሬድሪክ ቶሪ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴ ሲሆን ዋጋውም 324 ዶላር ነበር። በባሕር ማዶ ይህ ሁሉ ጩኸት በሆነበት ዓመት ሠዓሊው ፓሪስ ነበር፤ በሴንት ዠንቪየቭ ቤተ መጻሕፍትም ተቀጥሮ፣ እንደ እኛ ደመወዝተኛ ሆኖ መሥራት ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ ለሥዕሉ ጠበቃ ሆነን ተናግረናል። ነገር ግን ሒስ ማለት ሙገሳ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢያችን ስለሚያውቅ፣ የከበደንንም ነገር ሳንናገር አናልፍም። ይህ ሥዕል መውረድን ለማግኘት ሲል ወራጁን አጥቷል። ከሁለት ዓመት በፊት በ1910 ፒካሶ የሥዕል ነጋዴውን የካንቫይለርን መልክ ሲሥል፣ እሱም አካሉን ሰባብሮ በጠፍጣፋ ቅርጾች በትኖታል፤ ይሁን እንጂ ከታች የተቆላለፉትን ሁለት እጆችና የጸጉሩን ሞገድ ትቶልናል። ተመልካቹ እነዚያን እጆች ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ አንድ የተቀመጠ፣ የሚጠብቅ፣ የሚያስብ ሰው ያገኛል። ዱሻን ግን የምንጨብጠው እጅ አልተወልንም። ወራጁ ከየት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቢደክመው ወይም ደስ ቢለው፣ አናውቅም። ማሬ እርምጃን ለማጥናት ሰውን ጥቁር አልብሶ እንደ ሰወረ ሁሉ፣ ዱሻንም እንዲሁ አደረገ። የተገኘው ዕውቀት እውነተኛ ነው፤ የጠፋውም ነገር እውነተኛ ነው።

ይህን ስንል ሥዕሉን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። እኛ በመዝገብ ቤት የምንሠራ ሰዎች ነን፤ በየቀኑ በእጃችን የሚያልፈው ፋይል እገሌ መቼ እንደ ተቀጠረ፣ መቼ እንደ ተዛወረ፣ መቼ እርከን እንዳገኘ፣ መቼ ጡረታ እንደ ወጣ ይነግረናል። እርምጃው ሁሉ በቅደም ተከተል አለ፤ ሰውዬው ግን የለም። ፋይሉ ውሸት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። የዱሻን ሥዕል ፊት ቆመን የምንጨነቀውም ከዚሁ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ዘመናዊ ሰው እንዴት እንደሚታይ ነግሮናል፤ ማን እንደ ሆነ ግን ተመልካቹ ራሱ እንዲጠይቅ ትቶለታል። ይህን ጥያቄ ያነሣ ሥዕል ሥራውን አልሠራም ለማለት አንችልም።

ጽሑፋችንን ከመጨረሳችን በፊት፣ በመጀመሪያ ዕዳ ያልነውን መናዘዝ ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጎረቤታችን ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የሥዕል ደብተሩን ይዞ ቤታችን መጣ። ከገለጥናቸው ገጾች በአንዱ ላይ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ሥሏል። ሸክሙ አንድ ነው፤ ከሸክሙ በታች ግን አምስት ወይም ስድስት እግሮች ተደራርበው ይታያሉ። እኛም «ይህች ሴት ስንት እግር ነው ያላት?» ብለን ሳቅን። ልጁ «ጋሼ፣ ቁልቁል እየወረደች ነው እኮ» አለን። ይህን ሲለን ዳግመኛ ሥዕሉን መመልከት ይገባን ነበር፤ እኛ ግን «ሰው በትክክል መሣል ስትችል ታመጣለህ» ብለን ደብተሩን መለስንለት። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን አላሳየንም፤ በሌላ ጊዜ ስንጠይቀውም መሣል እንደ ተወ ነገረን።

ልጁ ሌላ ዱሻን ይሆን ነበር ማለታችን አይደለም፤ ሥዕሉም ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ነበር ለማለት በቂ ጊዜ ሰጥተን አላየነውም። ጥፋታችንም ይኸው ነው። ዱሻን ወንድሞቹ በመለሱት ጊዜ ሥዕሉን በታክሲ ጭኖ ለመሄድና ሌላ ስፍራ ለመስቀል የሚበቃ ዕድሜና ሙያ ነበረው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ደብተሩን ዘግቶ ከመሄድ በቀር የሚያደርገው ነገር የለውም።

ስለዚህ መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ እንዲህ ያለ ሥዕል በክፍል ውስጥ ስታሳዩ፣ ርእሱን ሳትናገሩ ተማሪዎቹ ጥቂት ደቂቃ እንዲመለከቱት ብታደርጉ መልካም ይመስለናል። «ምን ይመስላል?» ከማለት ይልቅ «ዓይናችሁ ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓይናቸው ከላይ ከግራ ተነሥቶ ወደ ታች ወደ ቀኝ ወረደ የሚሉ ከሆነ፣ ከደረጃው የሚወርደውን አግኝተውታል። ከዚያ በኋላ ቢወዱትም ቢጠሉትም መብታቸው ነው፤ አይተው ፈርደዋልና። ያን ልጅ ግን እኛ ሳናይ ፈረድንበት፤ ደብተሩ ዛሬም በቤቱ ካለ፣ እንዲያሳየን ደግመን ልንለምነው አስበናል።